ከጎጃም ወደ ስታርትአፕ፦ ከሲቪው በፊት ሥራው ይቅደም

ከባሕር ዳር፣ ከደብረ ማርቆስና ከእንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች በሶፍትዌር ወይም በኮምፒውተር ሳይንስ የሚመረቁ ልጆች ሥራ ፍለጋቸው ይመሳሰላል። የቴሌግራም የሥራ ማስታወቂያ ቻናሎችን ጠዋት ማታ ይከታተላሉ፤ «0 ዓመት ልምድ» የሚል ሲያገኙ ያንኑ ሲቪ ይልካሉ፤ ባንክ ማስታወቂያ ሲያወጣ ይመዘገባሉ። ለባንክና ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ያስኬዳል፤ እዚያ ነጥብ ተደርድሮ፣ ፈተና ተሰጥቶ ነው የሚመረጠው። ገና ተቋቁሞ በማደግ ላይ ላለ የቴክኖሎጂ ድርጅት፣ ለስታርትአፕ ግን አይሠራም። ብዙ ጎበዝ ልጅ ዓመት ሙሉ ሲቪ ልኮ መልስ ሲያጣ ራሱን «አልችልም ማለት ነው» እያለ ሲጠራጠር ማየት ያሳዝነኛል።

አሥር አሥራ አምስት ሠራተኛ ያለው ድርጅት ብዙ ጊዜ የሰው ኃይል ክፍል የለውም። ማመልከቻውን የሚያየው መሥራቹ ራሱ ወይም ኮድ ሲጽፍ የዋለ ባለሙያ ነው። ሰው የሚቀጥረውም የበጀት መደብ ስለተከፈተ አይደለም፤ አንድ ያስቸገረው ነገር ስላለ ነው። ክፍያው መሀል ላይ ሲቋረጥ ትዕዛዙ ይጠፋል፤ አፑ በርካሽ ስልክ ላይ አልከፈት ይላል። «ትጉህና በቡድን መሥራት የምችል ነኝ» የሚል ዓረፍተ ነገር ይህን ሰው ምንም አይረዳውም። የምስክር ወረቀትም ብዙ አያራምድም። በሐምሌ 2016 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና መልካም ዕድል ነው፤ ለመማሪያ ተጠቀሙበት። ነገር ግን ለሚሊዮኖች የታሰበ ወረቀት አንዱን አመልካች ከሌላው አይለየውም።

በጎጃም እንዲህ ያለው አመራረጥ እንግዳ አይደለም። የዋሸራ ወይም የጎንጅ ቅኔ ቤት ተማሪ ቅኔ መቻሉ የሚታወቀው የቆጠረውን ለመምህሩ ነግሮ፣ ታርሞ፣ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ሲደርስ ነው። ከየት ጉባኤ መጣሁ ማለት ብቻውን አያሳልፈውም። ስታርትአፑም የሚለው «ንገረኝ» ነው።

ታዲያ ምን ይነገረዋል? የማውቃት አንዲት የባሕር ዳር ምሩቅ ያደረገችውን ላንሳ። አጎቷ ቢቸና ጤፍ ነጋዴ ናቸው። የዱቤ ደብተራቸው ላይ ስም፣ ኩንታል፣ የተከፈለና ቀሪ ተጽፎ፣ አንዳንዱ መስመር ሦስት ጊዜ ተሰርዞ ተደልዟል። ልጅቷ አጠገባቸው ተቀምጣ ሲጽፉ አየች፤ ገዢው ግማሹን በቴሌብር፣ ግማሹን በእጅ ሲከፍል ሂሳቡ የሚምታታው የት ላይ እንደሆነ ለየች። ከዚያ ያንን ብቻ የሚይዝ ትንሽ አፕ ሠራች። ኔትወርክ ሲጠፋ ስልኩ ላይ ይመዘግባል፤ ሲመለስ ይልካል። ኮዱን ጊትሀብ በሚባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ አስቀመጠች፤ ችግሩ ምን እንደነበር፣ ምን እንደሠራች፣ ምን እንደቀረ በአንድ ገጽ እንግሊዝኛ ጻፈች፤ አጭር ቪዲዮ ቀርጻ ለሱቆች ዕቃ ለሚያከፋፍል አንድ የአዲስ አበባ ስታርትአፕ ላከች። ኃላፊው የመጀመሪያ ጥያቄው «ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ያንኑ ሂሳብ ቢያርምስ?» የሚል ነበር። እሷም «አሁን የኋለኛው የፊተኛውን ያጠፋዋል፤ ስህተት ነው፤ ገና አልፈታሁትም» አለችው። ተቀጠረች።

እኔን የሚገርመኝ ኔትወርክ ሲጠፋ የሚሠራ እንዲሆን ማሰቧ ነው። ይህን ማንም አላስተማራትም። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በአማራ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ አንድ ዓመት ገደማ ሲቆይ ኖራበታለች። ደንበኞቹ በገጠር ከተሞች ላሉት ድርጅት እንዲህ ያለ ዕውቀት ትልቅ ነገር ነው፤ የእኛ ልጆች ግን ሲቪያቸው ላይ ትዝ አይላቸውም።

ሥራው ሲገኝ ደግሞ መጠየቅ አለ። በእኛ ዘንድ ስለ ገንዘብ የሚጠይቅ ወጣት ስግብግብ ስለሚመስል ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው ይፈርማሉ። «ደመወዜ ከሽያጭ ገቢ ነው ወይስ ከባለሀብት? በእጃችሁ ያለው ገንዘብ ስንት ወር ያስኬዳል?» ማለት ነውር አይደለም። ከደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ፣ በሦስተኛው ወር ድርጅቱ ቢዘጋ የሚጎዳው ልጁ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ ስምምነት ይደረጋል፤ ከ60 የሥራ ቀናትም አይበልጥም። ስለዚህ «ስድስት ወር እንይህ፣ ከዚያ እናወራለን» የሚል ካለ ከሕግ ውጭ ነው። ለጡረታ አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ማዋጣት አለባቸው። «ገና ስታርትአፕ ነን» የሚለው ሰበብ ከዚህ ነጻ አያወጣም። አክሲዮን እንሰጥሃለን ከተባለም ስንት፣ መቼና በምን ሁኔታ እንደሆነ ይጻፍ።

አዲስ አበባ ላሉ ቀጣሪዎችም የምለው አለኝ። የመጀመሪያውን ቃለ መጠይቅ በቪዲዮ አድርጉት። መንገዱ በጸጥታ ምክንያት በተዘጋበት ሳምንት ባሕር ዳር ላለ ልጅ «ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ቢሮ ተገኝ» ማለት አልቀጥርህም ከማለት አይለይም፤ አውሮፕላን ቢኖርም የቲኬቱን ዋጋ ሥራ ፈላጊ አይችለውም። ከ2015 ወደ 2016 ባለው ጊዜ ሲቪው ባዶ የሆነ የጎጃም ልጅ ሲገጥማችሁም እንደ ሰነፍ ቆጥራችሁ አትለፉት። ያለ ኢንተርኔት ምን ትሠራ ነበር ብላችሁ ጠይቁት፤ ፍላሽ ላይ በተገለበጠ ቪዲዮ ፕሮግራሚንግ የተማረ ልጅ ሊሆን ይችላል።