የምዕራብ ሰሃራ ሕዝብ መቼ ነው የሚጠየቀው?

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ፣ ሞሮኮ አብዛኛውን ክፍል የያዘችውን የምዕራብ ሰሃራን ጉዳይ፣ የሞሮኮና የነፃነት ታጋዮቹ ደጋፊ የሆነችው የአልጄሪያ ጠብ ብቻ አድርጎ ማቅረቡ አልተዋጠልኝም። ባለቤቱ ሕዝብስ የት ሄደ? ሚኑርሶ የተባለው የተመድ ተልዕኮ እ.ኤ.አ. በ1991 ሲቋቋም ሥራው ሕዝቡ ነፃነትን ወይም ከሞሮኮ ጋር መቀላቀልን የሚመርጥበትን ሪፈረንደም (ሕዝበ ውሳኔ) ማካሄድ ነበር፤ ማን ይምረጥ በሚለው ክርክር ተጓትቶ ይኸው እስከ ዛሬ አልተካሄደም። በአልጄሪያ ቲንዱፍ በረሃ፣ የምዕራብ ሰሃራ ስደተኞች መጠለያ ውስጥ ተወልደው እዚያው ልጅ የወለዱ ሰዎች አሉ እኮ! ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ተልዕኮው የሰብአዊ መብት ጥሰትን የመከታተል ሥልጣን እንኳ አልተሰጠውም፤ ታዲያ በሞሮኮ ቁጥጥር ሥር ባለችው የምዕራብ ሰሃራ ዋና ከተማ ኤል አዩን ላይ ለነፃነት ሰልፍ የወጣ ሰው ሲደበደብ ማን ይመዝግብለት? ሞሮኮ እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ አፍሪካ ኅብረት ተመልሳ፣ የነፃነት ታጋዮቹ ካወጁት የኅብረቱ አባል ከሰሃራዊ ሪፐብሊክ ጋር አዲስ አበባ አንድ አዳራሽ ትቀመጣለች። ኅብረቱ ቢያንስ ይህ ክትትል እንዲጀመር አጥብቆ ይያዛት።