እጅ የለመደውን ለምን ይነኩብናል?

ባለፈው ዓመት ሁለት እሁድ ሙሉ እናቴ ሳትደውልልኝ ቀረች። እኔ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፣ እሷ አዲስ አበባ። ሁልጊዜ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በቪዲዮ የምትደውለው እሷ ናት። ዝም ስትል ጊዜ በቀጥታ ስልክ ደወልኩላት። ገና ሃሎ ሳልል «ልጄ፣ ምን አስቀየምኩሽ? ዘጋሽኝ እኮ» አለችኝ።

የዘጋት ሰው የለም። የምንደዋወልበት አፕ ሌሊት ራሱን አፕዴት አድርጎ፣ ማለት አድሶ ነው። እናቴ አማርኛ ታነባለች፣ የአፑ ጽሑፍ ግን እንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ የምታውቀው በቦታው ነው። ከታች ከግራ ሁለተኛዋን ምልክት ትነካለች፣ የእኔ ፎቶ ይመጣል፣ ከፎቶው ጎን ካሜራዋን ትነካለች፣ አለቀ። ይህቺን ለመልመድ አንድ ክረምት ፈጅቶባታል፤ የጎረቤት ልጅ እየተመላለሰ ነው ያስጠናት። አፕዴቱ ያቺን ሁለተኛ ምልክት አንስቶ ሌላ ቦታ ወሰዳት። በቦታዋ የማታውቃቸው ሰዎች ቪዲዮ መጣባት። ደንግጣ ስልኩን አጠፋችው። መልሳ ስታበራውም ያው ነው። የሆነ ነገር አበላሸሁ ብላ ከዚያ በኋላ መንካት ፈራች።

እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው። ራሷን ነው ጥፋተኛ ያደረገችው።

ሰው አፕዴት አልወድም ሲል አልዘመነም፣ ሰነፍ ነው ይባላል። እዚህ አሜሪካ በሆም ኬር ቤታቸው ሄደን የምንከባከባቸው አዛውንት ዕድሜ ልካቸውን ሒሳብ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው፣ ኮምፒውተር ከእኔ በፊት ነው የሚያውቁት፣ እሳቸውም አንድ ነገር ቦታ በቀየረ ቁጥር እንደ እናቴ ግራ ይጋባሉ። ስለዚህ የመማር ጉዳይ አይደለም። ዕውቀቱ ያለው እጅ ላይ ነው። ቤትሽ ውስጥ በጨለማ ማብሪያ ማጥፊያውን ሳትፈልጊ እንደምታገኚው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ዊንዶውስ 8 የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ሲወጣ ያቺ ሰው ሁሉ የለመዳት ከታች በግራ ጥግ ያለችው የስታርት ምልክት ጠፍታ ስንቱ ተቆጥቶ ነበር፤ በዓመቱ በ8.1 መለሷት።

አገር ቤት ግን ነገሩ ይብሳል። እዚህ አፕዴት የሚመጣው ተኝተን ነው፤ የቤት ዋይፋይ ገደብ የለውም። እዚያ አንድ አፕ ራሱን ሲያድስ በገንዘብ የተገዛ ፓኬጅ ይበላል። ስልኩም በሠርግና በክርስትና ቪዲዮ ሞልቶ ቦታ የለውም።

ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ አቤቱታ የምትጽፍ አንዲት ልጅ አውቃለሁ። ኮምፒውተሯ ዊንዶውስ 7 ነው፣ የምትጽፈው ፓወር ግዕዝ በሚባለው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም፣ የኪቦርዱ ፊደላት ግማሾቹ በጣት ታሽተው ጠፍተዋል። ዓይኗ ደንበኛው በእጁ የጻፈው ወረቀት ላይ ነው፣ ጣቶቿ ብቻቸውን ይሄዳሉ። ለምን አትቀይሪውም አልኳት። «ሰውየው ሦስት ሰዓት ላይ ቀጠሮ አለው። ኮምፒውተሬ እየጫንኩ ነው፣ አታጥፉኝ ቢለኝ ለሰውየው ምን እለዋለሁ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ኢንተርኔት አታገናኘውም፤ ጥሩ አድርጋለች፣ ምክንያቱም ዊንዶውስ 7 እ.ኤ.አ. ከጥር 2020 ወዲህ መደበኛ የደኅንነት ጥገና ቆሞበታል።

እዚህ ላይ መካድ የማልፈልገው ነገር አለ። አፕዴት ሁሉ ይቅር አልልም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ የእንግሊዝ ሆስፒታሎችን ኮምፒውተር ሲቆልፍ፣ ስንት በሽተኛ ቀጠሮው ሲሰረዝበት፣ ቫይረሱ የሚገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው ጥገና ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር። ያልጫኑት ተጎዱ። ጥገናው የግድ ነው። ግን ቁልፉን ጠግኑልኝ ያለ ሰው በሩን ወደ ጓሮ አዙሩልኝ አላለም። ሁለቱን በአንድ ጥቅል አድርገው ስለሚልኩልን ነው ሰው በር ማዞሩን ፈርቶ ቁልፉንም ሳያስጠግን የሚቀረው። አዲስ ቪዲዮና ማስታወቂያ ፊት ለፊት ማምጣት የሚፈልጉት እነሱ ናቸው። እናቴ የጠየቀችው ነገር የለም።

ደብረ ብርሃን ያለችው አክስቴ በባለ ቁልፍ ስልኳ ኮከብ 127 መሰላል ብላ ቴሌብር ትከፍታለች። ኢንተርኔት አያስፈልጋትም። መነጽሯንም አትፈልግም። ቁጥሮቹን በቃሏ ይዛቸዋለች፣ እንደ ውዳሴ ማርያም። ቴሌብር ከተጀመረ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የስማርት ስልክ አፑ መልኩን ሲቀያይር እሷን ምንም አልነካትም። ስማርት ስልክ ልግዛልሽ ስላት «ይሄ ምን አለኝና?» ትላለች። ድሮ እከራከራት ነበር፣ አሁን ተውኩ።

ለእናቴ ያገኘንላት መላ ይሄ ነው። የጎረቤቱ ልጅ አፖቹ ራሳቸውን እንዳያድሱ ዘጋቸው። በወር አንድ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ቡና ተፈልቶ ይጠብቀዋል፣ አጠገቧ ቁጭ ብሎ አፕዴት ያደርግላታል፣ የተቀየረ ካለ ያሳያታል፣ እሷም እዚያው ለእኔ እየደወለች ትለማመዳለች። እኔ ያን ሰዓት ከሌሊት ሥራ እየወጣሁ አውቶቡስ እጠብቃለሁ። ባለፈው ወር ካሜራዋ እንደገና ቦታ ቀይራ ነበር። ሁለቴ ስትሳሳት ልጁ እጇን ይዞ አሳያት። ሦስተኛው ላይ ልጁ ራቅ ብሎ ቡናውን ይጠጣል፣ ብቻዋን ነው ያገኘችኝ።