መንገዱ ከተማዋን ይዙራት ወይስ ያቋርጣት?

ጥያቄው ይህ ነው፦ ከአዲስ አበባ ወደ ክልል የሚወጡ አውራ መንገዶች እንደ አዲስ ሲሠሩ በመስመሩ ላይ ያሉትን ትንንሽ ከተሞች ዞረው ይለፉ ወይስ እንደ ጥንቱ መሀላቸውን ይቁረጡ? «ይዙር» የሚሉት ቢሯቸው ካዛንቺስ የሆነ የመንገድ ዲዛይን መሐንዲስ ናቸው። «አይዙር» የሚሉት ለገሃር አካባቢ በጭነት ማመላለሻ ሥራ ላይ ያሉ ወይዘሮ ሲሆኑ፣ እናታቸው ከሞጆ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው አሮጌ መንገድ ዳር ምግብ ቤት አላቸው። ሁለቱ በጽሑፍ ተመላልሰዋል።

መሐንዲሱ፦

እኔ የምጀምረው ከሬሳ ነው፤ ይቅርታ ይደረግልኝና ሌላ መነሻ የለኝም። በአገራችን በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠር ሰው በመኪና አደጋ ይሞታል፤ ከሟቾቹ ብዙው በእግሩ የሚሄድ ነው። በአውራ መንገድ ላይ ያለች የትኛዋንም ትንሽ ከተማ በገበያ ቀን ሄደው ይዩ። አስፋልቱ ሁለት መኪና ብቻ ያስተላልፋል። የእግረኛ መንገድ የሚባል የለም። ከአስፋልቱ ጠርዝ ወዲያ ያለውን ጠጠር ባጃጅ፣ ጋሪና ሽንኩርት ሻጭ ተከፋፍለውታል። ሕዝቡ እንግዲህ የሚሄደው አስፋልቱ ላይ ነው። በዚህ መሀል ኮንቴይነር የጫነ ተሳቢ ጡሩምባውን እየነፋ ይገባል፤ በጎች ይበተናሉ፤ ከትምህርት ቤት የተለቀቁት ልጆች እየሮጡ ያቋርጣሉ። ልጅ ሲሞት የሰፈሩ ሰው በቁጭት ወጥቶ ድንጋይና አፈር ደልድሎ መንገዱ ላይ ጉብታ ይሠራል። ጉብታው ምልክት የለውም፤ በሌሊት የሚመጣው ሹፌር ሳያየው ይደርስበትና ደግሞ ሌላ አደጋ ይሆናል።

በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር በሚሄድ መኪና የተገጨ እግረኛ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። በ60 የተገጨ ግን የመሞት ዕድሉ በብዙ እጥፍ ይጨምራል። አውራ መንገድን ለፍጥነት ሠርተን፣ ከዚያ ሹፌሩን «እዚህ ጋ ቀስ በል» ብንለው አይሰማንም። መፍትሔው አላፊውን መኪና ከነዋሪው መለየት ነው።

ከተማ ይሞታል ለሚለው ስጋት ደግሞ ምስክር አለኝ። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ መስከረም 2007 ዓ.ም. ሲመረቅ ዱከምን፣ ቢሾፍቱንና ሞጆን በጎን ትቶ ነው ያለፈው። ወደ 612 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል፤ ከዚህ ከግማሽ በላዩ የቻይና ብድር ነው። ቢሾፍቱ ሞተች? በበዓል ሰሞን እዚያ ሆቴል ፈልገው ይሞክሩ።

ወይዘሮዋ፦

መሐንዲሱ ወንድሜ ስለ ሞት በጻፉት ላይ ክርክር የለኝም። ከተገጩት ውስጥ የማውቃቸው ልጆች አሉ።

ቢሾፍቱን ግን ምስክር አድርገው አይጥሩብኝ። ቢሾፍቱ ሐይቅ አላት። ዱከም ፋብሪካ አላት። ሞጆ ደረቅ ወደብ አላት። ሦስቱም ለአዲስ አበባ ጎረቤት ናቸው። እኔ ያደግኩባት ከተማ ያላት መኪና ነው፤ ሌላ የላትም።

መኪና አላት ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ልንገርዎ። ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ተሳቢ ይቆማል። ረዳቱ ይወርድና በብረት ጎማዎቹን አንድ በአንድ እየመታ ይዞራል። ድምፁ የተለወጠበት ጎማ ካለ ጎሚስታው ይጠራል። ሹፌሩ እጁን ታጥቦ እናቴ ጋ ጥብስ ያዛል፤ ከምግብ በኋላ አጠገቧ ካለችው ልጅ ቡና ይጠጣል። እስኪነሳ መስታወቱን የሚያጥብ ልጅ አለ፤ ካደረ ደግሞ ጭነቱን የሚጠብቅ ዘበኛ አለ። ሲሄድ ለቤቱ አንድ ማዳበሪያ ሽንኩርት ወይም ሐብሐብ ይጭናል። ከአንድ መኪና ይህን ያህል ሰው ይበላል። የፍጥነት መንገዱ ግን አጥር አለው። አጥር ባለው መንገድ ላይ ማን ቆሞ ሐብሐብ ይገዛል?

ስለ ካሳ ያወሩኛል ብዬ እጠብቃለሁ፤ ቀድሜ ልበል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ገበሬው ከመሬቱ በቋሚነት ሲነሳ ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ዓመታዊ ገቢ ከፍተኛው ተወስዶ በ15 ተባዝቶ እንዲከፈለው ይላል። ጥሩ ነው፤ ከድሮው ይሻላል። እናቴ ግን አትነሳም። ቤቷ እዚያው ነው፤ የሚነሳው መኪናው ነው። ሕጉ መሬት በመወሰዱ ገቢ ስላጣ ሰው ይናገራል፤ መሬቷ ሳይነካ ደንበኛው በሌላ መንገድ ስለሄደባት ሴት የሚለው የለም።

ታሪክም እንጨምር ካሉ ሐረር አለች። ባቡሩ ከጅቡቲ ሲነሳ ወደ ሐረር ሊመጣ ነበር የታሰበው። ተራራው አስቸገረ፣ ወጪው በዛ፣ ሐዲዱ በቆላው በኩል ዞረ። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ በደረሰበት ሜዳ ላይ ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ከዚያ በኋላ ነጋዴው ከሐረር ወደዚያ ወረደ። ስንት ዘመን የንግድ መናኸሪያ የነበረች ከተማ በአንድ የመሐንዲስ ውሳኔ ሁለተኛ ሆነች።

መሐንዲሱ፦

ድሬዳዋን ማን ይጠላታል እህቴ? ሐረርም አለች፤ ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ የሚጎበኛት ሰው ተራራውን ወጥቶ ይሄዳል። አንዱ መስመር ሲዞር ሌላ ከተማ ተወለደ እንጂ አገር አልጠፋም።

ይልቅ የቆመውን መኪና ብቻ ስለነገሩኝ የማይቆመውን ላንሳ። ከሚያልፈው ውስጥ የሚቆመው ጥቂቱ ነው። የቀረው ጭሱንና አቧራውን ትቶ ያልፋል፤ ለከተማዋ ሰባራ ሳንቲም አይጥልም። እኛ የምናዞረው ይህንን ነው። ጥብስ የፈለገ ሹፌር መውጫውን ይዞ ይገባል። የእናትዎ እጅ ከታወቀ ደግሞ ይፈልጋታል፤ የጭነት ሹፌር የሚበላበትን ቤት አይረሳም።

ወይዘሮዋ፦

ይፈልጋታል አሉ? ሹፌሮችን በየቀኑ የማነጋግር ሰው ነኝ። የመንገድ ክፍያ ከፍሎ የገባ ሹፌር፣ ስልክ ላይ ሆኖ «የት ደረስክ?» የሚለው ባለንብረት ያለበት ሹፌር፣ ለጥብስ ብሎ ወጥቶ ተመልሶ አይከፍልም። ውኃና ብስኩት ይዞ ይነዳል።

ከዳር ማለፍን ደግሞ እኛም አይተነዋል። የምሠራው ለገሃር ነው። አሮጌው ባቡር በ1909 ዓ.ም. እዚህ ድረስ፣ መሀል ከተማ ድረስ ገብቶ ነበር። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ግን ተሳፋሪውን ለቡ በኩል ከከተማው ጫፍ ያወርደዋል። ባቡር ለመሳፈር መጀመሪያ ታክሲ መሰለፍ ነው። (በመስመሩ ላይ ያሉትም ከተሞች ጣቢያቸው ሜዳ ላይ ቀርቶባቸዋል፤ የባጃጅ ነጂዎች ብቻ ደስ ብሏቸዋል።)

ዋናው ግን ይኸኛው ነው። ከቢሮዎ ወጥተው እስከ መገናኛ ይሂዱና ቀለበት መንገዱን ይዩት። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ሲሠራ አላፊው መኪና የከተማዋን መሀል እንዳያጨናንቅ ተብሎ ነበር። ዛሬ ቀለበቱ ራሱ መሀል ከተማ ሆኗል፤ ሰው መሻገሪያ ድልድዩን ትቶ በብረት አጥሩ ላይ ይዘላል። ትንሿ ከተማም እንዲሁ ትሆናለች። መንገዱ ዞሮ ባለፈ ማግስት ኮንቴይነር ሱቁ ወደዚያ ይሄዳል፤ ነዳጅ ማደያው ይከተላል፤ ማዘጋጃ ቤቱም ቦታ መምራት የሚጀምረው ከአዲሱ መንገድ ዳር ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ ተመልሳችሁ ለዙሪያ መንገዱ ሌላ ዙሪያ መንገድ ልትሠሩ ነው። እስከዚያ የመቂ ገበሬ የመስኖ መሬት ሁለት ጊዜ ይቆረጣል።

ስለዚህ ገንዘቡን እዚያው ከተማው ውስጥ አውሉት። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ ከፍ ያለ ማቋረጫ፣ የመንገድ መብራት፤ ከከተማው መግቢያ ላይ ለተሳቢ ማቆሚያ፤ የከብት ገበያው ከአስፋልቱ ይራቅ። መሀል አዲስ አበባ ላይ በኮሪደር ልማት ይህ ሁሉ ተሠርቷል፤ ባለሦስት መቶ ሜትር ከተማ ላይ ምን ይከለክላል?

መሐንዲሱ፦

ስለ ቀለበት መንገዱ ያሉት ትክክል ነው። የኛ ሙያ ትልቁ ነቀፌታም እሱ ነው፤ መንገዱን እንሠራለን፣ ዳሩን የሚጠብቅ የለም።

ኮሪደሩን በተመለከተ ግን የምጽፍልዎ ካዛንቺስ ሆኜ ነው። ያ ሰፊ የእግረኛ መንገድ እንዴት እንደመጣ በመስኮቴ አይቼዋለሁ፤ ቤት ፈርሶ ነው። ፒያሳም እንዲሁ። እግረኛው የሚሄድበት ሜትር ከሰማይ አይወርድም። ያደጉባት ከተማ ላይ አውራ መንገዱን እዚያው አስፍተን፣ የእግረኛ መንገድና የጎርፍ ቦይ ጨምረን፣ የመኪና ማቆሚያ ካወጣን መጀመሪያ የሚነሳው ከአስፋልቱ ዳር የተደረደረው ቤት ነው። ጎሚስታው፣ ቡና ቤቷ፣ የእናትዎ ምግብ ቤት። መንገዱ ከዞረ ቢያንስ ቤቱ ይቆማል።

አንድ ነገር ልጨምር። ወደ ደቡብ ጭነቱን በባቡር ይወሰድ ማለትም አይቻልም፤ ሐዲዱ ወደ ጅቡቲ እንጂ ወደ ሐዋሳና ወደ ሞያሌ አይሄድም። ከሞጆ ሐዋሳ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የኬንያ ንግድ አለ። ይህ ሁሉ ተሳቢ በትምህርት ቤት ደጃፍ ይለፍ ማለት አልችልም።

ወይዘሮዋ፦

ቤቷ ይፈርስ ነበር ያሉት ነገር ሁለት ቀን መልስ አሳጣኝ። እናቴንም በስልክ ጠየቅኳት። «ሳይፈርስ ባዶ ከሚሆን...» ብላ ጀመረችና ደንበኛ መጣባትና ዘጋችው።

ይዙር እንበል እንግዲህ። ስለ አዟዟሩ እንከራከር። አሮጌው መንገድ የማን ይሆናል? እስከ ዛሬ አውራ መንገድ ስለሆነ የፌዴራል መንግሥት ይጠግነዋል። አዲሱ ሲከፈት አሮጌው ለከተማው ተሰጠ ይባልና የመጀመሪያው ክረምት ይቦረቡረዋል፤ ማዘጋጃ ቤቱ ግሬደር የለውም፣ ለአስፋልት የሚሆን በጀትም የለውም። ያኔ መኪናም የለ፣ መንገድም የለ። ሁለተኛ፣ መውጫው ከከተማው ስንት ኪሎ ሜትር ላይ ነው? ሦስተኛ፣ በመውጫው ላይ ለእናቴ ቦታ አለ ወይ?

መሐንዲሱ፦

መጀመሪያውን ከነጥገና በጀቱ ካልሆነ አይተላለፍ እላለሁ፤ በውሉ ውስጥ መጻፍ አለበት። ሁለተኛውን ከከተማው ጠርዝ በእግር የሚደረስበት ቦታ ላይ ማድረግ ይቻላል፤ ወጪ ይጨምራል እንጂ።

ሦስተኛው ላይ ግን አልስማማም። መውጫው ዙሪያ ግንባታ መከልከል አለበት፤ ለማንም። ለአንድ ምግብ ቤት ከተፈቀደ በዓመቱ ሃያ ነው፤ ከዚያ ባጃጁ ይመጣል፤ ከዚያ ልጆቹ ያቋርጣሉ። ቀለበት መንገዱን ያነሱት እርስዎ ነዎት።

ወይዘሮዋ፦

አንስቻለሁ፤ አልክድም። ግን ማረፊያ ቦታ ትሠራላችሁ አይደል? ነዳጅ ማደያ፣ ካፌ፣ ሰፊ የተሳቢ ማቆሚያ ያለው? እሱን ለማን ነው የምትሰጡት? በጨረታ ከሆነ አዲስ አበባ ያለ ባለሀብት ያሸንፋል፤ የሚጠየቀውን የባንክ ማስረጃ እናቴ ከየት ታመጣለች? መከልከሉ ለሁሉም ከሆነ ይከልከል። ማረፊያው የሚፈቀድ ከሆነ ግን ከጨረታው በፊት በአሮጌው መንገድ ዳር ሲሠሩ የነበሩት ይመዝገቡ፤ ቦታው ለእነሱ ማኅበር ይሰጥ፤ ጎሚስታውም ይካተት። መንገዱ ከመከፈቱ በፊት፤ ከተከፈተ ወዲያ የሚሰማን አይኖርም።