ይድረስ ለክቡር ማኔጅመንት ሞጁል፣ ለሰርቨሮቻችን ሳጥን ተቆጣጣሪ፣ ካሉበት ሳጥን (ቻሲ)

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እንቅልፍ ከመናፈቄ በስተቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ብርቱካናማ መብራትዎም ደህና ናት። ከዓርብ ማታ ጀምሮ ብልጭ ድርግም ስትል ከርማለች። ምን እንደሆነች ግን ለማንም አልተናገረችም።

አስቀድሜ ስለ ስልጣንዎ ላንሳ። ሳጥንዎ ውስጥ 16 ብሌድ፣ ማለትም ስስ ሰርቨር፣ አለ። ዳታቤዙን የሚሸከሙት እነሱ፣ ኢሜይሉን የሚያመላልሱት እነሱ፣ የሚግሉትም እነሱ። እርስዎ አንድም ቀን የደንበኛ ፋይል ነክተው አያውቁም። ግን ያለ እርስዎ ፈቃድ አንዲት ብሌድ አትነሳም። ልትነሳ ስትል መጀመሪያ ኃይል ይፈቀድልኝ ብላ እርስዎን ትጠይቃለች፤ እርስዎም አስበው፣ አሰላስለው፣ ሲመችዎ "ይፈቀድ" ይላሉ። መታወቂያ ላሳድስ ሄጄ ሦስት ቀን ያመላለሰኝ ሰውዬ ዘመድዎ ነው እንዴ?

ዓርብ ማታ መብራት ሄደ። ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። ጄኔሬተሩ አልነሳ ብሎ ሲያንገራግር የዩፒኤሱ ባትሪ አለቀና ሁሉም ጨለመ። መብራት ሲመጣ 13ቱ ብሌድ ተነሱ፣ 3ቱ ቀሩ። ቅዳሜ ጠዋት መስኮት ላይ ያሉት ልጆች ለደንበኛው "ሲስተም የለም" ማለት ጀመሩ። የኔ ስልክ ደግሞ ፋታ አጣ።

ወደ እርስዎ መጣሁ። ብሮውዘሬ ገና ከበር መለሰኝ፤ የእርስዎ ምስጠራ ጊዜው ያለፈበት ነው፣ አላስገባህም አለ። እውነቱን ነው። የሚናገሩትን አሮጌ የምስጠራ ቋንቋ፣ ቲኤልኤስ 1.0ን፣ ዋና ዋናዎቹ ብሮውዘሮች ከእ.ኤ.አ. 2020 ጀምሮ አሰናብተውታል፤ እርስዎ ግን አሁንም ሌላ ቋንቋ አያውቁም። ለእርስዎ ብቻ ብዬ መሳቢያ ውስጥ የማስቀምጣትን አሮጌ ላፕቶፕ አወጣሁ። ፒንግ ሳደርግ፣ በኔትወርክ "አሉ?" ብዬ ስጠይቅ፣ "አለሁ" ይላሉ፣ ያውም በአንድ ሚሊሰከንድ። ገጽዎን ስከፍት ነጭ ወረቀት። ደጁ ሲንኳኳ "ማነው?" ብሎ የማይከፍት ሰው አጋጥሞኝ ያውቃል፣ እንደ እርስዎ ያለ ግን አላየሁም።

እንግዲህ ነቅሎ መሰካት ነው። በሙያችን ያለው ዘዴ ቀላል ነው፦ ያልተነሳውን ብሌድ ወደ ሌላ ስሎት (ማስገቢያ) ታዛውረዋለህ፤ ችግሩ ከብሌዱ ጋር ከሄደ ብሌዱ ነው፣ እዚያው ከቀረ ስሎቱ ወይም ከኋላው ያለው፣ ብሌዶቹ ሁሉ የሚሰኩበት ሰሌዳ፣ ሚድፕሌን ነው። ስሎት 5 ላይ ያለውን ጤነኛ ብሌድ አጥፍቼ ነቀልኩና ስሎት 3 ላይ ካልነሳው ጋር አቀያየርኳቸው። ጤነኛው ተነሳ፣ በሽተኛው ቀረ። አሃ፣ ብሌዱ ሞቷል! ለማረጋገጥ ብዬ ደገምኩት። በዚህኛው ዙር ሞተ ያልኩት ቀድሞ ገባ፣ ተነሳም። ጤነኛው ቀረ። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ችግሩ ብሌድም አይከተልም፣ ስሎትም አይከተልም። እንደ ታክሲ ሰልፍ ቀድሞ የደረሰ ይሳፈራል፣ ኋላ የመጣ ይቀራል። ያኔ ነው ጥርጣሬዬ ወደ እርስዎ የዞረው።

ክቡርነትዎ፣ ለቀጣዩ ድፍረቴ ይቅርታ። በእጄ ይዤ ነቀልኩዎት። ተጠባባቂው ሞጁል ወንበሩን ይረከባል ተብሎ ነበር የተገዛው። የፈርምዌሩ፣ ማለትም የውስጥ ሶፍትዌሩ፣ ስሪት ከእርስዎ ጋር ስላልገጠመ አልረከብም አለ። ስንት ዓመት ደሞዝ የበላ ተጠባባቂ! ከዚያ ጠያቂ ያጡት ፋኖች ሁሉ በአንዴ ሙሉ ኃይላቸውን ለቀቁት። ዘበኛችን ጋሼ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ በሩን ገፋ አድርገው "ልጄ፣ እንደ አውሮፕላን ሊነሳ ነው እንዴ ይሄ ነገር?" አሉኝ። አይ ጋሼ፣ አለቃው ስለሌለ ነው አልኳቸው።

ተነስተው የነበሩት ብሌዶችስ ምን ሆኑ? ምንም። ዳታቤዙ ሰራ፣ ኢሜይሉ ሄደ፣ አንዱም ዞር ብሎ "አለቃ የት ሄደ?" አላለም። ይህን ለሌላ አለቃ አልናገርም፣ በተለይ ለኔው።

መልሼ ስሰካዎት ጥቂት ደቂቃ አጓርተው ተነሱና ገጽዎ ተከፈተ። ሎግዎን፣ የክስተት መዝገብዎን፣ አነበብኩ። አናቱ ላይ የዓመታት ጉድ ተደርድሯል፣ የዓርቡ ግን የለም። ታች ወረድኩ፣ ወረድኩ፣ እስከ መጨረሻው። እዚያ፣ ከሁሉም ስር፣ ጃንዩወሪ 1 ቀን 1970 የሚል ቀን ያለው አንድ መስመር፦ "ፓወር ሰፕላይ 4፣ ገቢ ኃይል የለም።" በኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 መሆኑ ነው። ጃንሆይ ገና ዙፋን ላይ ናቸው፣ እኔ አልተወለድኩም፣ እርስዎ ፓወር ሰፕላይ 4ን ይከታተላሉ። ሳንቲም የምታህል ባትሪዎ ሞታ ኖሮ መብራት ሲሄድ ሰዓትዎ ከዜሮ፣ ማለትም ከዚያችው ከ1970 ቀን፣ ጀመረ። እውነቱን ተናግረዋል፣ ቀኑን ብቻ ነው የሳቱት።

ነገሩ ይኸው ነበር። ካሉት 6 ፓወር ሰፕላዮች 3 ለስራ፣ 3 ለመጠባበቂያ ብለው ይመድባሉ። አንዱ ሲጎድል ሂሳቡ አልሞላም ብለው የመጨረሻዎቹን ብሌዶች ፈቃድ ይነፍጋሉ። ህጉ ጥሩ ነው፣ አልክድም። ግን "ገመዷ ላልታለች" ማለት ያቅታል? ከራኩ፣ ሳጥኑ ከቆመበት መደርደሪያ፣ ጀርባ ዞርኩ። ገመዷ በጄኔሬተር ግርግር አንዱ በክርኑ ነክቷት ግማሽ ወጥታለች። ገፋኋት። ጠቅ። 3ቱ ብሌዶች ተራ በተራ ተነሱ። የፓወር ሰፕላይ 4 የራሷ መብራት ሌሊቱን ሙሉ ጠፍታ እንደነበር፣ ሳጥኑ ስር ጎንበስ ብል እንደማያት፣ እባክዎ በመካከላችን ይቅር።

ባትሪውን ነገ አመጣለሁ። መብራትዎ አሁንም ብርቱካናማ ነች። ለምን?

አክባሪዎ፣
ከራኩ ጀርባ የተንበረከከው ልጅ

ግልባጭ፦
ለተጠባባቂው ሞጁል፣ ከእንቅልፋቸው ሲነቁ