በሁዳዴ ቅቤ ግዙ የሚል ሱቅ

የአክስቴ ልጅ ሜሪላንድ ውስጥ ሆና የባልትና ውጤቶችን በኦንላይን ትሸጣለች። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ምጥን፣ ኮሰረት፣ ንጥር ቅቤ፣ ቡና። ዌብሳይቱን ስትከፍት ያገዝኳት እኔ ነኝ። በ2017 ዓ.ም. ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ደንበኛዋ ደወሉላት። ትልቅ ሴት ናቸው። «ልጄ፣ ሽሮ ልገዛ ብገባ ከሥሩ ቅቤም ጨምሪበት ይለኛል። በሁዳዴ?» አሏት። አልተቆጡም፤ ግን ቅር ብሏቸዋል። እሷም ስልኩን ዘግታ ወዲያው ለእኔ ደወለች።

ዌብሳይቱ ላይ ዕቃ የሚጠቁመው ማሽን አልተበላሸም። የተማረውን ነው የደገመው። «ይህን የገዙ ሰዎች ይህንንም ገዝተዋል» የሚለውን አሠራር በሰፊው ያስለመደው አማዞን ነው፤ መሐንዲሶቹ እ.ኤ.አ. በ2003 እንዴት እንደሚሠራ ጽፈው አስረድተዋል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ገዢው ማን እንደሆነ ብዙም አይጠይቅም፤ የትኛው ዕቃ ከየትኛው ጋር እንደተሸጠ ይቆጥራል። ሽሮና ንጥር ቅቤ ደግሞ ከጾም ውጪ ባለው ጊዜ አብረው ይሄዳሉ። ጾም መግባቱን በምን ይወቅ? ቀኑም ቢሆን አንድ ቦታ አይቆምም። ሁዳዴ በ2016 የገባው መጋቢት 2 ነው፣ በ2017 የካቲት 17፣ በ2018 ደግሞ የካቲት 9። «አምና በዚህ ቀን ምን ተሸጠ?» ብሎ የሚያሰላ ፕሮግራም በየዓመቱ መሳቱ አይቀርም።

ስለዚህ ከአልጎሪዝሙ፣ ማለትም ማሽኑ ከሚከተለው ስሌት፣ በላይ ባለሱቁ የራሱን ደንብ ማስቀመጥ አለበት። ይህ ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም። ቴሌግራም ላይ ዕቃ የሚሸጥ ሰው አንዱን ፖስት ፒን ሲያደርግ ደንብ አወጣ ማለት ነው። የኦንላይን ሱቅ ሲስተሞችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ አንዱን ዕቃ ከላይ ትሰካላችሁ፣ ሌላውን ወደ ፊት ታመጣላችሁ፣ አንዱን ወደ ታች ታወርዳላችሁ፣ አንዱን ደግሞ ጭራሽ እንዳይታይ ታግዳላችሁ። ስቶክ ውስጥ የሌለን ዕቃ ማገድ ለምሳሌ ክርክር አያስፈልገውም። አዲስ የገባ ዕቃን ወደ ፊት ማምጣትም እንደዚያው ነው፤ ማንም ያላየው ዕቃ አይሸጥም፣ ያልተሸጠውን ደግሞ ማሽኑ አያሳይም። ኮሰረታችን ለወራት ማንም ሳያየው የተቀመጠው በዚህ ምክንያት ነበር።

እኔ በዚያ ቀን ያወጣሁት ደንብ ግን ጥድፊያ ነበረበት። ቅቤን ከጥቆማው ሙሉ በሙሉ አገድኩት። ሁለት ነገር ተበላሸ። አንደኛ፣ ደንቡ ማብቂያ ቀን አልነበረውም። ፋሲካ ሚያዝያ 12 ዋለ፤ ቅቤው ግን እስከ ግንቦት መጨረሻ ታግዶ ቀረ። ሰው ቅቤ በሚፈልግበት ሰሞን ማለት ነው። ሁለተኛ፣ የማይጾሙ ደንበኞች «ቅቤ አልቋል እንዴ?» እያሉ መጻፍ ጀመሩ። ሙስሊሙም ጴንጤውም ከእሷ ነው የሚገዛው። በ2018 ደግሞ ረመዳንና ሁዳዴ የገቡት በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው፤ አንዱ ቤት ቅቤ ከማድ ቤት ሲወጣ ሌላው ቤት ለማፍጠሪያ ይፈለጋል።

ያኔ አንድ ጓደኛችን ስሙንና የገዛውን አይቶ ጿሚውን ከማይጾመው የሚለይ ደንብ እንድናወጣ መከረን። አልተቀበልኩትም። የሰውን ሃይማኖት ከስሙና ከቅርጫቱ መገመት የባለሱቅ ሥራ አይደለም። ስህተት ሲሆን ያሳፍራል፤ ትክክል ሲሆን ደግሞ ሰውን ያስፈራል። በሱ ፋንታ «የጾም ብቻ አሳየኝ» የሚል ምልክት ከላይ አደረግን። የፈለገ ይነካዋል። በ55ቱ ቀን ተልባ፣ ሱፍ፣ ኑግና ዘይት ወደ ፊት ይመጣሉ፣ ቅቤው ወደ ታች ይወርዳል እንጂ አይጠፋም። ደንቡም በ2018 ሚያዝያ 4፣ የፋሲካ ዕለት፣ በራሱ አቆመ።

እስካሁን ያነሳኋቸው ደንቦች ገዢውን የሚጠቅሙ ናቸው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ዓይነት ነው። አንድ ቡና አስመጪ ለአክስቴ ልጅ ገንዘብ ልክፈልሽና ቡናዬን «ለእርስዎ የተመረጠ» በሚለው ረድፍ መጀመሪያ ላይ አድርጊልኝ አላት። ገንዘቡ ደህና ነበር፣ ሱቁ ደግሞ ገና ትርፍ አላየም። ችግሩ «ለእርስዎ» የሚለው ቃል ላይ ነው። እኚያ የደወሉት ሴትዮ ያንን ሲያነቡ የሚገባቸው፣ ሱቁ የእሳቸውን ፍላጎት አይቶ እንደመረጠላቸው ነው። የተመረጠው ግን ለከፋዩ ነው። ይህን በሰው ፊት ቆሞ መናገር የሚከብድ ከሆነ ስክሪን ላይም መጻፍ የለበትም።

በአውሮፓ ኅብረት ይህ የሕግ ጉዳይ ከሆነ ቆይቷል። ከግንቦት 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ተከፍሎበት ወደ ላይ የወጣን ዕቃ ማስታወቂያ መሆኑን ሳይናገሩ በፍለጋ ውጤት ውስጥ ማቅረብ ክልክል ነው። ጉግልም የራሱን የዋጋ ማነጻጸሪያ ከተፎካካሪዎቹ በላይ አስቀምጠሃል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2017 2.42 ቢሊዮን ዩሮ ተቀጥቷል፤ የኅብረቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ2024 ቅጣቱን አጽንቶታል። አዲስ አበባ ውስጥ አሁን የኦንላይን ሱቅ እየከፈታችሁ ያላችሁ ልጆች ግን ሕግ እስኪያስገድዳችሁ አትጠብቁ። ያወጣችኋቸውን ደንቦች በሙሉ አንድ ወረቀት ላይ ጻፏቸው። እያንዳንዱን ማን እንዳወጣው፣ ለምን እንዳወጣውና መቼ እንደሚያበቃ አስፍሩ። ከዚያ «ይሄ ደንብ የሚጠቅመው ማንን ነው?» ብላችሁ አንድ በአንድ ተነጋገሩበት። እኛ ቁጭ ብለን ስንጽፈው ምሽቱን ሙሉ ፈጀብን፤ ሦስቱን ደንቦች ለምን እንዳወጣናቸው ሁለታችንም ማስታወስ ስላቃተን አጠፋናቸው።

የቡናውን ሰውዬ ገንዘብ ተቀበለች። ቡናው አሁንም ገጹ ላይ ከላይ ይታያል፤ ግን ለብቻው በተለየ ረድፍ ነው፣ በላዩም «ማስታወቂያ» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ሰውዬው መጀመሪያ አኮረፈ። ከሁለት ወር በኋላ ግን ውሉን አደሰ።