«መቀየር ይችሉ ነበር» አሏቸው!

21 ፓውንድ! ለአየር መንገዱ ምንም አይደለችም፤ ለጎረቤታችን ለእማማ ግን አስቤዛ ናት። ለልጅ ልጃቸው ክርስትና ወደ ሮም አራት ትኬት፣ 420 ዩሮ። ገበያው ላይ አንድ ዩሮ በ86 ፔንስ ነበር፤ ስለዚህ 361 ፓውንድ ከ20 ፔንስ መሆን ነበረበት። ከባንክ የወረደው 382 ከ20! ዩሮውን አየር መንገዱ ራሱ በ91 ፔንስ መንዝሮ ቆረጠባቸው።

ከዚያ እማማ ከአየር መንገዱ ጋር ቻት ላይ ገቡ። እንዲህ ነበር፦

«ክፍያውን በፓውንድ የመረጡት እርስዎ ነዎት።»
«እኔ ምንም አልመረጥኩም፣ ገጹ ራሱ ነው ፓውንድ ብሎ የመጣው።»
«መቀየር ይችሉ ነበር።»
«ታዲያ ለምን ከገበያው ወደ 6 በመቶ አስበለጣችሁ?»
«ስለ ምንዛሪ ባንክዎን ይጠይቁ። በሚቀጥለው ጊዜ ከመክፈልዎ በፊት በጥሞና ያንብቡ።»

በጥሞና ያንብቡ! ለእማማ! ባንኩ ሲደወልለት ደግሞ «እኛ የተጠየቅነውን ፓውንድ ነው የከፈልነው፣ አየር መንገዱን ያነጋግሩ» አለ። ሁለቱም ገንዘቡን አይተውታል፣ ሁለቱም አያውቁትም።

የቱ ነው ምርጫው? የካርዱ የመጀመሪያ ቁጥሮች የየት አገር ባንክ እንደሆነ ይናገራሉ። ገጹ ያንን አይቶ ዋጋውን በፓውንድ ያመጣዋል፤ «ዋጋዎ ተረጋግጧል» የሚል ማጽናኛም ይለጥፍበታል። በዩሮ ልክፈል ያለ ሰው ከሥሩ በደቃቅ ፊደል ያለችውን ፈልጎ መጫን አለበት። ሲጫናትም «ባንክዎ ተጨማሪ ሊያስከፍልዎ ይችላል» ብለው ያስፈራሩታል። ያስከፍል! ባንኩ 2.99 በመቶ ቢቆርጥ እንኳ 372 ፓውንድ ነው የሚመጣው፤ ከእነሱ በ10 ፓውንድ ይሻላል። ለውጭ ግዢ የማይቆርጥ ካርድ ያለው ሰውማ 21ዱን ከሞላ ጎደል ያድናል።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባችሁ። ዋጋው በዶላር ሆኖም አየር መንገዱ የውጭ ከሆነ አንዳንድ ባንኮች እስከ 3 በመቶ ይቆርጣሉ። ካርዱን ከማውጣታችሁ በፊት ውሉን እዩ።

እንግሊዝና አውሮፓ ውስጥ እኮ በካርድ ስለከፈላችሁ ብቻ ጭማሪ መጠየቅ ከጃንዋሪ 13 ቀን 2018 ጀምሮ ተከልክሏል። አንዳንዶቹ ምን አደረጉ? ስሙን ለወጡት። «የአስተዳደር ክፍያ» ብለው ለሁሉም ሰው እኩል ጫኑት። ምንዛሪው ደግሞ «የመረጡት አገልግሎት» ስለሆነ ክልከላው አይነካውም። የስማችንን ነገርማ ተዉት! ፓስፖርታችን ላይ የአባትና የአያት ስም፣ ቅጹ ላይ አንድ «የቤተሰብ ስም» ብቻ። አንዱን አሳስታችሁ ጽፋችሁ ቶሎ ካልነቃችሁ ማስተካከያው ከትኬቱ በላይ ሊመጣ ይችላል። ቤት ሆኖ ቼክ ኢን ያላደረገውን ኤርፖርት ላይ በነፍስ ወከፍ 55 ፓውንድ የሚጠይቅም አለ።

አሁን ገንዘቡን ወደማስመለሱ ክርክር። መጀመሪያ ስቴትመንቱን እዩ። ዩሮውም ፓውንዱም ተጽፎ ከሆነ የመነዘረው ባንኩ ነው፤ ፓውንድ ብቻ ከሆነ አየር መንገዱ ነው። ክፍያው ገና ሳይጠናቀቅ «ፔንዲንግ» እያለ ባንኩ ክርክር አይከፍትም፣ እስኪያልፍ ጠብቁ። ለአየር መንገዱ በጽሑፍ አመልክቱ፤ የስልክ ንግግር ማስረጃ አይሆናችሁም። ባንኩ ጋ ስትደውሉ «ተጭበረበርኩ» እንዳትሉ! ካርዱን ይዘጉና ጉዳዩን ለማጭበርበር ክፍል ይሰጡታል፤ ያ ክፍል በስልካችሁ የመጣውን ኮድ ራሳችሁ እንዳስገባችሁ አይቶ ፋይሉን ይዘጋዋል። «ባልመረጥኩት ገንዘብ ተከፈለብኝ» በሉ። የካርድ ድርጅቱ ቪዛ ለዚህ የራሱ የክርክር ቁጥር አለው፣ 12.3። የተሳሳተ መጠን ከተቆረጠባችሁ ደግሞ 12.5 ነው። የተሰጣችሁ ጊዜ 120 ቀን ነው። የምትጠይቁትም ልዩነቱን ብቻ ይሁን፤ ሙሉውን የትኬት ዋጋ በቻርጅባክ (በባንክ በኩል በሚደረግ ማስመለስ) ያስመለሰን ሰው ዳግመኛ አናሳፍርም የሚሉ አየር መንገዶች አሉ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ምርጫው ገጹ ላይ ከነበረና «ክፈል» ካላችሁ ብዙ ጊዜ ትሸነፋላችሁ። የምታሸንፉት ምርጫው ጭራሽ ካልታየ፣ ወይም ዩሮ መርጣችሁ በፓውንድ ከተቆረጠ ነው። እሱን የሚያስረዳው ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት ያነሳችሁት ስክሪንሹት ብቻ ነው። ማን ነው ትኬት ሲቆርጥ ስክሪንሹት የሚያነሳ? እማማ አላነሱም። ባንኩ እምቢ ካለ ቅሬታ ይገባል፤ ለመመለስ 8 ሳምንት አለው። ከዚያ ወደ እንግሊዙ የፋይናንስ እንባ ጠባቂ፣ በነጻ፣ የባንኩ የመጨረሻ መልስ በደረሰ በ6 ወር ውስጥ።

ስምንት ሳምንት ለ21 ፓውንድ! የሚቆጥሩትም ይሄንን ነው፣ ሰው ሰልችቶት ይተወዋል ብለው።

እማማ «ተዉት ልጆቼ፣ እግዜር ይይላቸው» ብለዋል። እኛ ግን አልተውነውም፤ የቅሬታ ደብዳቤው ዛሬ ማታ ሄዷል።