ይድረስ ለ«ሃሳቤን እንዳይሰርቁኝ» ባዩ ጓደኛችን

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኔ ካንተ አፕ በስተቀር እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ።

ማክሰኞ ፈረንጅ አራዳ ካፌው በረንዳ ላይ አስቀምጠኸኝ ማኪያቶዬ እስኪቀዘቅዝ ግራ ቀኝ ስታይ፣ አስተናጋጇ ስኳር ይዛ ስትጠጋ ስልክህን በመዳፍህ ከድነህ «ቆይ ትሂድ» ስትል፣ እኔማ ትልቅ ነገር መስሎኝ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ከዛ ሹክ አልከኝ፣ «ባጃጅ በስልክ መጥራት፣ ፓተንት ላወጣበት ነው»፣ ያለኔ ፈቃድ ማንም እንዳይሰራበት የመንግስት ወረቀት ላወጣ ነው ማለትህ ነው። በቃ?! አጂፕ ጋ ቆመን በፉጨት እንጠራው የለ እንዴ፣ ለልጁ ደውለን «ና» ማለት ከጀመርንስ ስንት ዘመናችን፣ አንተ የጨመርካት «በአፕ» የምትለዋን ቃል ብቻ ነው።

የራሳችን አገር አዋጅ 123/1987 እኮ የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከጨዋታ ህግና ከንግድ አሰራር ዘዴ ጋር ደርድሮ ፓተንት አይሰጠውም ይላል። የፃፍከው ኮድ ካለ እንዳይገለብጡብህ በኮፒራይት (በቅጂ መብት) ይጠበቅልሃል፣ አዋጅ 410/1996 አለልህ። ካለ ነው ያልኩት። አንተ ያለህ ሶፍት ላይ የሳልከው ባጃጅ ነው፣ እሱንም አራት ጎማ አድርገኸዋል።

«አሜሪካ ግን ይሰጣሉ» ልትለኝ ነው አይደል። ሰጥተው ነበራ፣ አማዞን በፈረንጆቹ 1999 በአንድ ክሊክ እቃ ማዘዝን ፓተንት አውጥቶበት እስከ 2017 ተቀመጠበት፣ መፅሃፍ ሻጩን ባርንስ ኤንድ ኖብልን ከሰሰበት፣ አፕል ሳይቀር ፈቃድ ገዛው። የኛ ሰፈር ባለሱቅ «እንደሁሌው» ስትለው ያለ አንድም ክሊክ ዘይቱንም ሳሙናውንም መዝግቦ ይሰጥሃል (ዱቤውን የማትከፍል አንተ ነህ እንጂ)። በ2014 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው አሊስ በሚባል ኩባንያ ጉዳይ፣ የቆየ ሃሳብ አንስተህ «በኮምፒውተር» ስላልከው ብቻ ፈጠራ አይሆንም ብሎ በሩን አጠበበው። አንተም እዛው በር ላይ ነህ።

ሁሉም ይከልከል አልልም ደግሞ። ያው ፍርድ ቤት በፈረንጆቹ 1981 አንድ የጎማ ማብሰያ አሰራርን ለፓተንት ይበቃል ብሏል፣ የሻጋታውን ሙቀት እየለካ፣ ኮምፒውተሩ የሚበስልበትን ሰአት በየቅፅበቱ መልሶ እያሰላ፣ ሲደርስ ማሽኑ ራሱ ይከፈታል። ቀመሩ የድሮ ነው፣ እሱን ማንም ይጠቀምበት፣ ጎማው ግን አያርም ጥሬም አይወጣም። አንተ የጅማ ልጅ ነህ፣ በተሰጣ ቡና መሃል ነው ያደግከው፣ እስቲ እርጥበቱን እየለካ ሸራውን ራሱ የሚያለብስና የሚገልጥ ማሽን ስራና አምጣ፣ ማመልከቻህን ይዤ አዲሳባ ድረስ በእግሬ እሄድልሃለሁ።

ሂሳቡን እኔ ነኝ የከፈልኩት። ደረሰኙ ሲመጣ ስልክ አናግራለሁ ብሎ መነሳትን ፓተንት ላወጣበት ብለህም እንዳትለፋ፣ አጎትህ ቀድሞሃል።

ባጃጁ ያለበት ሶፍት ጠረጴዛው ላይ ቀርቶ ነበር። አፌን ጠርጌበታለሁ።